ሶኬት የማያውቀው ራዲዮ

አከራዩ የግቢውን መብራት የቆረጠው ሰው ሁሉ እንዲወጣለት ነው። ቤቶቹን አፍርሶ መጋዘን ሊሠራ አስቧል፤ ኪራዩን በጊዜው የሚከፍል ተከራይ ግን በምን ሰበብ ይባረራል? ስለዚህ ቆጣሪውን ቆለፈና ጨለማው ያስወጣቸዋል ብሎ ተቀመጠ። እውነትም ከተከራዮቹ አንዱ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ፍራሹን ጠቅልሎ በሩ ላይ አቆመ፤ ሌሎቹም ደላላ ማነጋገር ጀመሩ።

እትዬ ምንገዶኝ ብቻ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸው በእግር የምትረገጥ ስለሆነች መብራት ኖረ አልኖረ ደንታም የላት። «ደንበኛ ያፈራሁት እዚች በር ላይ ነው። ሌላ ቦታ ሄጄ ማን ያውቀኛል?» ይላሉ። አከራዩን ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ግን ሟች ባላቸው የተዉላቸው አሮጌ የእንጨት ራዲዮ ነበር። መብራት በሌለበት ግቢ ጠዋት ዜና፣ ከሰዓት ዘፈን! ምን ሲደረግ!

«አገኘኋት! መስመሬን ጠልፋ ነው» አለና አንድ ከሰዓት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስከትሎ መጣ። የእትዬ ልጅም እናቷን ልትወስድ የጭነት መኪና ይዛ ደርሳ ኖሯል።

«እማዬ በናትሽ፣ ከሱ ጋር ነገር አታብዢ። እኔ ጋ ትኖሪያለሽ።»

«አንቺ ጋማ እንግዳ ነኝ» አሉ እትዬ።

አከራዩ ገባ። «የጠለፉበትን ገመድ ያሳዩኝ!»

«ፈልገህ አግኛ።»

«ካገኘሁ ዛሬውኑ ይወጣሉ!»

«ካላገኘህስ?»

«መብራቱን እቀጥላለሁ!» አለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።

አልጋ ሥር ገባ፣ ቁም ሣጥን ገፋ፣ ግድግዳ ደበደበ። ራዲዮው መዝፈኑን አላቋረጠም። ደሙ ሲፈላ የራዲዮውን የጀርባ ክዳን ገንጥሎ በላብ የራሰ እጁን ሰደደ። «ዋይ!» ብሎ ተፈናጠረ። በሩ ላይ የቆመው ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ልጅቷም ሳታስበው ሳቀች።

ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ አየ። ከላይ ትንንሽ የመስታወት አምፖሎች ተደርድረዋል፤ ከታች የባትሪ ድንጋዮች በሁለት ተከፍለው ታስረዋል። «ትንሹ እስር አምፖሎቹን ያግላል፤ የመታዎት ብዙ ድንጋይ የተቀጣጠለበት ትልቁ ነው። ጌታዬ፣ ይሄ ራዲዮ ከፋብሪካ ሲወጣም ሶኬት አልነበረው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ አከራዩ፤ ከአንቱ ወደ አንቺ ወርዷል።

«መቼ ጠየቅከኝ? ሌባ አልከኝ እንጂ። በል፣ መብራታችንን ቀጥል።»

«ቤቱ የኔ ነው፣ አልቀጥልም! ድንጋይሽ እስኪያልቅ እናያለን!» ብሎ ወጣ።

እትዬ ቁጭ አሉ። በሰው ፊት እንባ አያውቁም፤ ያን ጊዜ ግን ሆድ ባሳቸው። «እውነቱን ነው። ሰሞኑን ድምፁ እየሰለለ ነው። ትልቁ እስር ስንት ድንጋይ ይበላል መሰላችሁ! ከየት አመጣለሁ?»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ክፍሉ ሄደ። የእጅ ባትሪውን ፈትቶ ድንጋዮቹን ይዞ ተመለሰ። «ጨለማውን እንደሆነ ለምደነዋል። ያ ሰውዬ ግን ዝም አሉ እንዳይል» አለ። ሌላውም ሄደ፣ ሌላዋም። ከየባትሪው፣ ከየግድግዳ ሰዓቱ ተፈትቶ የእትዬ መቁረጫ ጠረጴዛ በድንጋይ ተሞላ።

እትዬ ባላቸው እንዳሳዩአቸው ያንዱን ራስ ካንዱ ቂጥ እያገጠሙ በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ። ልጅቷ ጥቂት ቆማ አየቻቸው። ከዚያ በበሩ ብቅ ብላ ሹፌሩን «ሂድ ወንድሜ፣ የሚጫን ዕቃ የለም» አለችውና እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ክር ታቀብል ጀመር። ፀጉር አስተካካዩም ፍራሹን ወደ ቤት መለሰ።

ማብሪያውን ሲያዞሩት ራዲዮው እንደ ድሮው ግቢውን ሞላው። አከራዩ የቆጣሪውን ቁልፍ ጨብጦ ውጭው በር ላይ «ቃል ገብተዋል፣ ይቀጥሉላቸው» ከሚለው ሠራተኛ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር።

«ኧረ ቀንሱት!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ጨመሩት።