የመንሱራው ማቀዝቀዣና የሶስና መጠይቅ

ሶስና የመሥሪያ ቤቷን የፈጠራ መጠይቅ ያዘጋጀችው ራሷ ነበረች። ስድስት ወር ለፍታበታለች። አርባ ሁለት ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉም ከውጭ አገር መመሪያ ላይ በጥንቃቄ የተወሰዱ ናቸው። የምርምር ክፍል አላችሁ? ፓተንት አስመዝግባችኋል? ስንት ተመራማሪ ቀጥራችኋል? መጠይቁ ኢትዮጵያ ውስጥ ለስድስት መቶ አነስተኛ ወርክሾፖች ተበትኖ ሲሰበሰብ፣ ፈጠራ የተገኘባቸው አስራ አንዱ ብቻ ሆኑ።

ይህንኑ ውጤት ይዛ ነው ከአለቃዋ ከዶክተር ክንፈ ጋር ሪያድ የመጣችው። የታዳጊ አገሮች የፈጠራ ፖሊሲ ጉባኤ እሁድ ጠዋት ዑለያ ሰፈር ባረፉበት ሆቴል ውስጥ ይከፈታል።

«ቁጥሩ ያሳፍራል» አሉ ዶክተር ክንፈ አርብ ዕለት ቁርስ ላይ። «ግን መጠይቁ ዓለም የሚሠራበት ነው። ወደ ኋላ የቀረነው እኛ ነን።»

ሶስና ከሰዓት በኋላ ሌላ ጉዳይ ነበራት። ሃፍሳ የምትባል የቢሮ ባልደረባዋ፣ እዚያው ሪያድ መንሱራ ሰፈር ለሚኖረው ወንድሟ ለዘከሪያ የላከችው አምስት ኪሎ በርበሬ ሻንጣዋን አውዶታል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ታክሲ ይዛ ወደ መንሱራ ወረደች።

ዘከሪያ የሚሠራው አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። «ከፊሉ»፣ ማለትም ኢቃማውን (የመኖሪያ ፈቃዱን) ያወጣለት አሠሪው፣ ሱቁን ለእሱ ትቶለት በሳምንት አንዴ ብቅ ይላል። ሥራው በውሃ የሚሠሩትን፣ «ሰሐራዊ» የሚሏቸውን ማቀዝቀዣዎች መጠገን ነው። ማቀዝቀዣው አየሩን በረጠበ ጭድ ውስጥ አሳልፎ ቤት ውስጥ ይነፋዋል። የትልቁን አየር ማቀዝቀዣ የመብራት ሂሳብ መክፈል የማይችል ሰው በጋውን የሚያልፈው በእሱ ነው።

«አህለን እህቴ! ግቢ፣ ግቢ፤ ውጭው እሳት ነው» አላት ዘከሪያ በርበሬውን እንደ ሕፃን እያቀፈ። ከማቀዝቀዣው ፊት አስቀመጣትና ቀዝቃዛ ውሃ አቀበላት። ስለ ሃፍሳ፣ ስለ ትውልድ ከተማው ኮምቦልቻ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቃት። ከዚያም የሷን ሥራ ጠየቀ። ስታስረዳው በጣም ሳቀ።

«እስቲ እኔንም ጠይቂኝ!»

እሷም እየሳቀች ስልኳ ላይ መጠይቁን ከፈተች። የምርምር ክፍል አለህ? «ላ፣ የለኝም።» ፓተንት? «ላ።» ተመራማሪ? «ላ፣ ላ። እኔና ይህ መፍቻ ብቻ ነን።» በአምስት ደቂቃ ውስጥ አለቀ። እንደ መጠይቁ ከሆነ ዘከሪያ ምንም ፈጥሮ አያውቅም።

ሶስና ስልኳን ስታስቀምጥ የማቀዝቀዣው ነፋስ ፊቷ ላይ ደረሰ። አንድ ነገር ከነከናት። ጭዱ ጭድ አይመስልም፤ ቡናማ ነው፣ እንደ ጆንያም የተጠላለፈ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የቴምር ዛፍ ቃጫ ነዋ» አላት፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር።

ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣጣችው። ከውጭ የሚመጣው ጭድ በሪያድ ጨዋማ ውሃ ቶሎ ይደርቅና እንደ ኖራ ይጠጥራል። ዘከሪያ አንድ ቀን የመንገድ ዳር ቴምሮች ሲከረከሙ ቆሞ ያያል፤ ግንዱ ላይ የተጠቀለለውን ቃጫ ሠራተኞቹ ቆሻሻ መኪና ላይ ይጥሉታል። አንድ ከረጢት ለምኖ ወሰደ። መጀመሪያ እንዳለ ከተተውና የአንዲት አሮጊት ደንበኛው ግድግዳ በቡናማ ውሃ ተበላሸ። «እንደዚያ ተሰድቤ አላውቅም፤ ግድግዳውንም ራሴ ቀባሁላት» አለ። ከዚያ ቃጫውን ሦስት ቀን ዘፍዝፎ በፀሐይ አደረቀው። ነፋሱ እንዳይታፈን ተፈታቶና ሳስቶ እንዲነጠፍ የመከረው ጎረቤቱ የመናዊው ሀቢብ ነው። በአሳ መረብ ሰፍቶ መወጠሩን ደግሞ ዘከሪያ ራሱ አመጣው። አሁን በበጋ አንዴ ከተቀየረ በቂ ነው።

«ሌላ ሰው ያውቃል?»

«መንደሩ በሙሉ! እኔ ነኝ ያሳየኋቸው።»

«ተፎካካሪዎችህ አይደሉም እንዴ?»

«እህቴ፣ ሙቀቱ ለሁላችንም ይበቃል።»

ሶስና ሆቴል የተመለሰችው ፊቷ በርቶ ነው። ዶክተር ክንፈን ሎቢው ውስጥ አገኘቻቸውና ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ይህ ጥገና ነው እንጂ ፈጠራ አይደለም» አሏት።

«ዶክተር፣ ሞክሯል፣ ተሳስቷል፣ አሻሽሏል፣ ሌላውም ተቀብሎታል። ከዚህ ሌላ ፈጠራ ምንድን ነው? እኛ የጠየቅነው ላብራቶሪ እንዳለው ነው። የሌለውን ነገር ጠይቀን የለም የሚል መልስ አገኘን።»

«እሁድ ልናቀርብ ዛሬ ይህን ታመጪብኛለሽ?»

«ነገ አብረን እንሂድና በዓይንዎ ይዩት።»

በማግስቱ እያጉረመረሙ አብረዋት ሄዱ። ዶክተር ክንፈ ቢሮ ወንበር ላይ ሃያ ዓመት ቢቀመጡም ትምህርታቸው ምህንድስና ነው። ማቀዝቀዣው ፊት እንደቆሙ ኮታቸውን አውልቀው ለሶስና ሰጧት። ቃጫውን ዳበሱ፣ አሸተቱ። ውሃው በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚወርድ ጠየቁ። ዘከሪያ ባልዲ አመጣና አብረው ለኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሸሚዛቸው እስከ ክርናቸው ረጥቦ፣ «ወፈር ቢልስ ሞክረኸዋል?» ይላሉ።

«ሞክሬ ታፈነብኝ፣ ጋሼ።»

«እኔም እንደዚያ ነበር የገመትኩት!» ብለው በደስታ የዘከሪያን ትከሻ መቱ።

በታክሲ ሲመለሱ ግማሽ መንገድ ላይ፣ «ከስድስት መቶዎቹ ውስጥ ስንት ዘከሪያ አልፈን ይሆን?» አሉ።

እሁድ መድረክ ላይ የወጡት እሳቸው ናቸው። አስራ አንዱን የሚያሳየውን ሠንጠረዥ አቀረቡ። «ቁጥሩ ትክክል ነው» አሉ። «የተሳሳተው ጥያቄው ነው። ፈጠራን የምንፈልገው ሀብታም አገሮች በሚያስቀምጡበት ቦታ ነበር። እኛ ዘንድ ያለው ግን ጥገና ቤት ውስጥ ነው፣ ከጎረቤት ጎረቤት የሚሄድ ነው፤ ፖሊሲያችን መጀመሪያ እሱን ማየት ይማር።» የመንሱራውንም ነገር ተናገሩ። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። አንዲት የሞሪታንያ ተወካይ ግን ማይክሮፎን ተቀብለው፣ «ሰውየው የት ነው? እኛ አገር ቴምር ሞልቷል» አሉ።

የጉባኤው ተወካዮች ሥራውን ሊያዩ ሱቁ እንደሚመጡ ዘከሪያ በስልክ ሲነገረው ደነገጠ። «ስንት? አምስት ሰው? ወላሂ ወንበር የለኝም!»

ሰኞ ከሰዓት አምስቱም መጡና በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ዘከሪያ በዓረብኛ ሲያስረዳ ሞሪታንያዊቷ ወደ ፈረንሳይኛ ይተረጉማሉ፤ ዶክተር ክንፈ የውሃ ቱቦውን ይዘው ቆመዋል። ሀቢብም የራሱን ማሻሻያ ለማሳየት ከሱቁ ሁለት መረብ አንጠልጥሎ መጣ። ሁለቱ በመረቡ ቀዳዳ ስፋት ተከራከሩ፤ እንግዶቹም በየቋንቋቸው ገቡበት። ሶስና ሥራ ከጀመረች ወዲህ እንደዚያን ቀን ሥራዋን ወድዳው አታውቅም።

አዲስ አበባ ሲመለሱ አርባ ሁለቱ ጥያቄዎች ወደ አራት ወረዱ። ዘንድሮ ሥራህ ላይ ምን ለወጥክ? ምን አስቸግሮህ? ማን ረዳህ? ለማን አሳየህ? መሥሪያ ቤቱ ለሙከራ የመረጠው ኮምቦልቻን ነው። ሶስናና ሃፍሳ በመጀመሪያው ቀን ፋንታዬ የሚባል የብረት በያጅ ጋ ገቡ። ሶስና የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀችው።

ፋንታዬ ጭንቅላቱን አከከ። «ኧረ ምንም» አለ። ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «እንግዲህ ያቺን የበቆሎ መፈልፈያ ካልቆጠርሽብኝ…» ብሎ ወደ ጓሮ ጠቆመ።

ሶስና እስክሪብቶዋን ደብተሩ ውስጥ ሻጠችና ተነሳች። «እስቲ አሳየኝ» አለችው።