የትርሲት ወኔ የሄደበት ቤት

ትርሲትን ወኔዋ የከዳት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከአልጋው ግርጌ ተነሣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ የእሷን ሹራብ ለበሰና በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ቁመቱ እስከ ትከሻዋ ይደርሳል፤ ከኋላው ሲያዩት ታናሽ ወንድሟ ይመስላል። ትርሲት ዓይኗን ገልጣ ታየው ነበር። “ወዴት ነው?” ልትለው አሰበች። ለመጠየቅም ወኔ ያስፈልግ ነበርና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

ትርሲት ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ከጓደኛዋ ከዙፋን ጋር በከፈተችው ሱቅ የሀበሻ ቀሚስ የምትጠልፍ ሴት ናት። ዐምና እንቅልፍ ጠፍቶባት ነበር። ያኔ ወኔዋ ግዙፍ ነው፤ ቀንም ሌትም አያስቀምጣትም። የጎረቤት መጋረጃ ሳይቀር አውርዳ ጠለፈች። አንድ ቀን ደግሞ ደመናውን ልጥለፈው ብላ፣ ክርና መርፌዋን ይዛ፣ በዝናብ ጣሪያ ላይ ወጣች። እጇን ይዛ ያወረደቻት ዙፋን ናት። ሐኪም ቤት የወሰደቻትም እሷው ናት። ዶክተር ሰብለ ሕመሙ ባይፖላር የሚባል የስሜት መዋዠቅ እንደሆነ ነገረቻትና ኪኒን አስጀመረቻት። እንቅልፏ ተመለሰ፤ ጣሪያውም ጣሪያ ብቻ ሆነ። ወኔዋ ግን ከዚያ ወዲህ እየከሳ ሄደ። ጥግ ላይ ተቀምጦ በሩን በሩን ማየት አበዛ።

ጥሏት ከሄደ በኋላ ትርሲት አልጋዋ ላይ ቀረች። አዘነች አይባልም። ፀጉሯን ማበጠር ጦሳ ተራራን የመውጣት ያህል ከበዳት እንጂ። ዙፋን ከሥራ ስትመለስ ሽሮ በሳህን ይዛ ብቅ ትላለች።

“ዛሬም አልተነሣሽም?”

“ወኔዬ ሄደ።”

ዙፋን ሳህኑን አስቀመጠችና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። “ይመጣል። አንቺ ብቻ እረፊ፤ ሱቁን እኔ አለሁበት።”

“በመንገድሽ አላየሽውም?”

“የት አየዋለሁ ብለሽ?”

ኪኒኑ ሲያልቅባት ግን ትርሲት ወደ መድኃኒት ቤት መውጣት ግድ ሆነባት። መንገዱ በሱቁ በኩል ያልፋል። በመስታወቱ አሻግራ ስታይ ወኔዋ በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠልፋል። ሹራቧን እንደለበሰ ነው። ጉንጩ ሞልቷል። አጠገቡ ዙፋን ክር እየመዘዘች ትስቃለች። ትርሲት ገባች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከአንቺ ቤት ከወጣ ጀምሮ” አለች ዙፋን። “የሰርግ ወቅት ነው፣ ትርሲትዬ። ሥራው ተቆልሎ ነበር።”

“ሽሮ እያመጣሽልኝ?”

“ሽሮውንማ ከልቤ ነው ያመጣሁት።”

እውነቷን ነው። ትርሲትን ከሁሉ በላይ ያመማት ይኸው ነው። ጠላት ብትሆን ረግማት ትወጣ ነበር፤ ይህች ግን ከጣሪያ ያወረደቻት ዙፋን ናት። ወደ ወኔዋ ዞረች።

“ምን በደልኩህ?”

ወኔዋ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። “አልበደልሽኝም። አንቺ ቤት መቀመጡ ታከተኝ። ኪኒኑን ተዪው፤ ዛሬውኑ እመጣለሁ።”

“ጣሪያው ላይ ልታወጣኝ?”

“ጣሪያው ላይ ደስ ይል ነበር።”

ትርሲት ጓደኛዋን አየቻት። “ኪኒኑንማ እንዳትተዪ” ትላለች ብላ ጠበቀች። ዙፋን አንገቷን ደፍታ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባ ነበር።

ትርሲት ከዚያው ወደ ዶክተር ሰብለ ሄደች። “ወኔዬ ጓደኛዬ ዘንድ ተቀጥሯል። ኪኒኑን ካቆምሽ እመለሳለሁ ይላል።”

ዶክተሯ አልተገረመችም። “ያጋጥማል። ከሕመሙም ሊሆን ይችላል፣ ከመድኃኒቱም። መጠኑን እናየዋለን። በራስሽ ግን እንዳታቆሚ።”

“ያለ እሱ በምን እነሣለሁ?”

“አትጠብቂው። ነገ ጠዋት እግርሽን ብቻ መሬት አስነኪ።”

በማግስቱ ትርሲት እግሯን መሬት አስነካች። ሌላ ምንም አላደረገችም፤ ተመልሳ ተኛች። በሌላ ቀን ፊቷን ታጠበች። በሌላው ደግሞ ምንም ሳታደርግ ዋለች፤ ኪኒኗን ግን ዋጠች። ሲቆይ የጎረቤቷን የእትዬ ፈለቁን ቀሚስ መስኮት ሥር ይዛ ተቀመጠች። ያለ ወኔ የተጠለፈ ጥልፍ ምን እንደሚመስል አይታ አታውቅም ነበር። እንደማንኛውም ጥልፍ ነው፤ ሥራው ይዘገያል እንጂ። አንገትጌው አለቀ። ደስታ አልተሰማትም። እትዬ ፈለቁ “እጅሽ ይባረክ” አሏት፤ እሷም “አሜን” አለች።

ዙፋን መምጣቷን ከተወች ቆይታለች። ትርሲትም ቂሟን ይዛ ጥልፏን ቀጠለች። በኋላ ግን ሰፈሩ ዙፋን መተኛት ተወች ብሎ ማውራት ጀመረ። ትርሲት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ለወቀሳ ይሁን ለጥየቃ እሷም አልለየችውም።

ስትደርስ እኩለ ቀን ነበር። የሱቁ መስታወት ከዳር እስከ ዳር በጥልፍ ተሸፍኗል። በሩ ዙሪያውን ከመቃኑ ጋር ተሰፍቷል። ስፌቱ እኩል ነው፤ አንድም ቦታ አልተዛነፈም።

“ዙፋን!”

“ማን ነው?” ድምጿ እንደ ሙሽራ ድምፅ ነው።

“እኔ ነኝ። ክፈቺልኝ፤ ሐኪም ቤት እንሂድ።”

“ቆይ፣ ትንሽ ቀርቶኛል።”

ከውስጥ ሁለት ሰው ሳቀ። የመርፌ ጫፍ ሣንቃውን በስቶ ብቅ አለ፤ ዞሮም ገባ። ክሩ ሲጠብቅ በሩ ከመቃኑ ጋር ይበልጥ ገጠመ። ትርሲት መዳፏን ዘርግታ በሩ ላይ አሳረፈች። መርፌው በሁለት ጣቶቿ መካከል ወጣ፣ እጇን ያወቀ ይመስል ጥቂት ቆመ፣ ቀስ ብሎ ተመልሶ ገባ።