ናምዴቭ ወደ ቤት አልመለስ ሲል

ሱላባ ኮላፑር የመጣችው የሴት አምላኳን የአምባባይን ስለት አስገብታ በማግስቱ ሳንግሊ ወዳለው ቤቷ ልትመለስ ነበር። ባሏ ናምዴቭ ግን አላርፍ አለ። አንድ ቀን ጆቲባ ኮረብታ አወጣት፤ ሕዝቡ የሚበትነው ሮዝ ዱቄት ፀጉሯ ውስጥ ተጋግሮ ተመለሱ። በነጋታው ወንዞቹ የሚገናኙበት ናርሶባዋዲ፣ ከዚያ ደግሞ ኪድራፑር መቅደስ። እሷ የመቅደሱን ደወል ሳትነካ እሱ ውጭ ወጥቶ የሚቀጥለውን መኪና ያጠያይቃል። ዕድሜውን ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው እንዲህ ሲቅበዘበዝ አይታ አታውቅም።

ምክንያቱ አልጠፋትም። ልጃቸው ሚሊንድ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ይዞ ከእነሱ ቤት ወጥቶ ፑኔ ከተማ ሊኖር ነው። በዚህ የተነሳ አባትና ልጅ ተኮራርፈዋል። ዕቃ የሚጭነው መኪና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

ሐሙስ ጠዋት ናምዴቭ ፓንሃላ ምሽግ ይዟት ወጣ። ጉም ነበር። በግንቡ ላይ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሱላባ ትልቁ በር ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሺ እንጂ! ገና ጓዳውን አላየንም፣ እህል ያከማቹበት የነበረውን።»

«እርስዎ ይዩት።»

«ምን ሆንሽ? እግርሽን ነው?»

«እግሬ ደህና ነው። የሚሊንድ አባት፣ አማልክቱም እኮ እኛን ማየት ሰለቻቸው!»

አጠገባቸው በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ሳቋ አመለጣት።

ናምዴቭ ጉንጩ ቀላ። «እሱ ጥሎን ሲሄድ ቆሜ ድስት ላቀብለው?»

«ድስቱ ይቅር፤ ልጅቷን ይሳሟት። ነገ አያቴ የት ሄደ ብትል ምን ይሏታል? ግንብ ሊያይ ነው?»

ጀርባውን ሰጥቷት ጉሙ ውስጥ ገባ። ሱላባ ጠበቀች። ሲዘገይባት ተነስታ፣ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ የሚወርደው ጂፕ ላይ ተሳፈረች። ከተጋቡ ጀምሮ ያለ እሱ መኪና ገብታ አታውቅም፤ የሳሪዋን ጫፍ ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ «ቁም! ቁም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ናምዴቭ ቆቡን በእጁ ይዞ እየሮጠ መጣና ከፊት ገባ። ወደ እሷ ዞር አላለም።

«ንዳው እንጂ፣ ወንድሜ!» አለ ሾፌሩን። «በሬ ጠምደህ ነው እንዴ?»

ሳንግሊ ሲደርሱ አልጋውና ቁም ሳጥኑ ተጭነው አልቀዋል። ምራቲቱ ሮጣ ሕፃኗን ለሱላባ አቀበለቻት። ሚሊንድ ከመኪናው ላይ አባቱን አየና ፊቱን ወደ ዕቃው መለሰ። ናምዴቭም መኪናውን ዞረው፤ ገመዱን ሳብ አደረገው።

«ይሄን ማን አሰረው?»

«እኔ።»

«ካራድ ከተማ እንኳ ሳትደርስ ቁም ሳጥኑ አስፋልት ላይ ነው።» ፈትቶ እንደገና ያስር ጀመር። ሚሊንድ ወርዶ ሌላኛውን ጫፍ ያዘለት።

«አባዬ፣ ለዲዋሊ በዓል እንመጣለን።»

«ሳበው፣» አለ ናምዴቭ አንገቱን ሳያቀና። «ሳበው፣ ገና ላላ ነው።»