ከአልጋው ሥር ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ነው

ከካራቫናችን አልጋ ሥር ያለው ቦታ ከካራቫኑ ጋር አይጓዝም ነበር። ካራቫኑ ካምፕ ሰባት ሲደርስ ከአልጋው ሥር ያለው ቦታ ካምፕ ሦስት ቀርቶ ነበር። በመካከላቸው አርባ አንድ ኪሎ ሜትር አለ። ሽንኩርት ስፈልግ አልጋውን አንስቼ፣ ካምፕ ሦስት ወርጄ፣ ሽንኩርቴን ይዤ እመለስ ነበር።

ጥፋቱ የባለቤቴ የላቀው ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንብኝ የራሴን ድርሻ ደግሞ በቦታው እናገራለሁ። ላቀው የመንገድ ቀያሽ ነው፤ እኔ የአፈር ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። መንገድ ሠሪ የራሱ ደጅ የለውም። መንገዱ በገፋ ቁጥር ካምፑ ይነቀላል፣ በጎማ ላይ የቆመው ቤታችንም ከትራክተር ኋላ ታስሮ ይጎተታል። እንዲህ ሆነን አሥራ አንድ ዓመት ኖርን። ካራቫኑ አምስት ሜትር በሁለት ሜትር ነው። አንዳችን ሱሪ ሲለብስ ሌላው ውጭ ይቆማል።

ለሁለት ሰው እንደምንም ይበቃ ነበር። ከዚያ እናቴ ሞተችና አባቴ ብቻውን ቀረ። ተዝካሯን አውጥተን ይዘነው መጣን። አባቴ፣ አቶ ወልደየስ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የግብርና ጽሕፈት ቤት የእቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። አልጋውን ለእሱ ሰጠነውና እኛ መተላለፊያው ላይ ፍራሽ ዘረጋን። ልብሱም፣ ድስቱም፣ የጤፉ ከረጢትም፣ የላቀው ቀለምና ገመድም ሁሉ አልጋው ሥር ተጠቀጠቀ። አንድ ማንኪያ ለማውጣት በሆድ መተኛት ያስፈልግ ነበር። አባቴ ይህን ሦስት ቀን አየ።

«ይሄ ግምጃ ቤት አይደለም፤ ጉድጓድ ነው» አለ በአራተኛው ቀን።

«ቦታ የለማ፣ አባባ።»

«ቦታማ ሞልቷል። የጠፋው ሥርዓት ነው። እኔም እኮ ቦታዬን አላወቅኩትም፤ ስትተላለፉ ሁሉ እግሬን አነሳለሁ።»

በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱ ወንዶች ሥራ ጀመሩ። የአልጋውን ኮምፔርሳቶ ከግድግዳው ጋር በማጠፊያ አያያዙት። ከተገለበጠ መኪና ላይ የኋላውን በር ደግፈው የሚያቆሙትን ሁለት ፒስተኖች ፈተው አመጡና በግራና በቀኝ ገጠሙ። አልጋው እንደ ሣጥን ክዳን በአንድ እጅ የሚነሳ ሆነ። ከሥሩ ያለው የወለል እንጨት ግን በስብሶ ነበር፤ ሲያነሱት መሬቱ ታየ። ላቀው መደርደሪያው እንዳይንጋደድበት መነሻ ነጥብ ፈለገ። ሌላ ሰው ቢሆን በዓይኑ ለክቶ ያልፈው ነበር። ላቀው ግን ያለ ችካል ሻይ እንኳ አያፈላም። አንድ የብረት ችካል በወለሉ ቀዳዳ አሳልፎ መሬቱ ላይ በመዶሻ መታ፣ አናቱን ቀይ ቀባው፣ 3/17 ብሎ ጻፈበት፣ ከመንገዱ ነጥቦች ተርታም መዝገቡ ላይ አሰፈረው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

የቀያሾችን ሕግ ለማያውቅ ልንገር። የተመዘገበ ችካል አይነቃነቅም። ላም ብትረግጠው ባለላሟ ይጠራል፤ ግሬደር ቢነካው ሾፌሩ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ ችካል የተተከለበት ነው፤ ሲያልቅም የሚነቅለው የተከለው ሰው ብቻ ነው። ይህኛው ችካልም ሕጉን አክብሯል።

ከሁለት ወር በኋላ ካምፑ ተነቀለ። ካምፕ አራት ደርሰን ድስት ላወጣ አልጋውን ሳነሳ ከታች ያገኘሁት ካምፕ ሦስትን ነው። ካምፑ አጠገብ የነበረው ወንዝ ድምፅ ይሰማል። ድስቶቹ መደርደሪያቸው ላይ ናቸው፤ ከመደርደሪያው ወዲያ አሸዋው ይቀጥላል፤ ከአሸዋው ወዲያ የወንዙ ዳር ሾላ ከነጥላው ቆሟል።

«ላቀው፣ እስቲ ና።»

መጥቶ አየ። የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ይላል። ጎንበስ ብሎ የሾላውን ጥላ በዓይኑ ለካ።

«እዚያ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለ።

«ሌላ የምትለው የለም?»

«ችካሉ ቦታውን አልለቀቀም።» ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

ከዚያ ወዲያ የቦታ ችግር አላየንም። አባቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ መደርደሪያዎቹን እስከ ሾላው ድረስ ቀጠላቸው። እዚያ ሰዓቱ ስለማይሄድ ሽንኩርቱ አያቆጠቁጥም፣ ሥጋው አይሸትም፤ ሊጥ ግን ኩፍ ስለማይል ላይ፣ ካራቫኑ ውስጥ ነው የሚቦካው። አባቴን ከእናቴ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጉሩን ሲያበጥር አየሁት። ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፤ የሚቆለፍ ነገር አልነበረም። ሁለት ራስ ሽንኩርት ለመውሰድ የወጪ ቅጽ ያስሞላኛል።

«አባባ፣ ልጅህ እኮ ነኝ።»

«ልጅነት ሌላ፣ ንብረት ሌላ። እዚህ ጋ ፈርሚ።»

መጀመሪያ ለምሳና ለራት ይወጣ ነበር። ከዚያ ለራት ብቻ። ከዚያ ቀረ። በዘጠኝ ሰዓት ሰው ምሳውን በልቷል፣ ራቱ ገና ነው፤ አይርበውም። ሳልም ነበረበት፣ ሲመሽ የሚነሳ፤ እዚያ ተወው። እናቴ የሞተችው ልክ ሲመሽ ነው፣ ራት ቀርቦ እጇን ልትታጠብ ብድግ እንዳለች።

«ውጣ እንጂ፣ መሽቷል» እለዋለሁ ጎንበስ ብዬ።

«እዚህ አልመሸም» ይለኛል።

ይህ ከፋኝ። ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ያመጣሁት ሰው አልጋ ሥር ገብቶ ብቻውን ተቀመጠ። እኔና ላቀው ወደ አልጋው ተመለስን። በኮምፔርሳቶው ስንጥቅ የከሰዓት ፀሐይ ከታች ይገባል፤ ላቀው ዓይኑን በፎጣ ሸፍኖ ይተኛል። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ አባቴ አሸዋው ላይ ሲራመድ እሰማዋለሁ። አንድ ቀን በውኃ ቦቴ ተሳፍሬ በመንገዱ ወደ ካምፕ ሦስት ሄድኩ። ወንዙም ሾላውም ነበሩ። አባቴ አልነበረም። በመንገድ የሚደረስበት ካምፕ ሦስት ላይ ቀኑ ዛሬ ነው፤ አባቴ ያለበት ላይ ያ እሑድ ነው።

መንገዱ ካምፕ ሰባት ላይ አለቀ። የመጨረሻውን ልኬት ልታረጋግጥ ኢንጂነር ትርሲት መጣች። ሁለት ቀን ደመረች፣ ሁለት ቀን ቀነሰች፤ አልገጠመላትም። ችካል 3/17 ካምፕ ሦስትም ካምፕ ሰባትም አለ። ስለዚህ በስሌቱ ሁለቱ ካምፖች አንድ ቦታ ናቸው፤ መካከላቸው ያለው አርባ አንድ ኪሎ ሜትር የለም። ነገሩ ወረቀት ላይ ቢቀር ባልከፋ። ማክሰኞ ዕለት ከመንገዱ ዳር ያለችው የጎርጣ መንደር ሰዎች ገበያ ውለው ሲመለሱ መንደራቸውን አጡት። አርባ ያህል ሰዎች በጎቻቸውን እንደያዙ ከካራቫናችን ፊት ተቀመጡ። አልጮኹም። ቤታቸው እስኪመለስ ይጠብቃሉ።

ኢንጂነሯ አልጋውን አንስታ አየች።

«ችካሉ ይነቀል» አለች።

«አማቴ አሉ» አለ ላቀው።

«ይውጡና ይነቀላ። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ድረስ ጊዜ አላችሁ።» ከዚያ አልጋውን እየመለሰች፣ «ሾላው ግን ጥላው ደስ ይላል» አለች።

ወደ አባቴ ወረድኩ። ከወለሉ ቀዳዳ አጠገብ እቃችንን በሙሉ ደርድሮ ጠበቀኝ። ድስቶቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብተዋል፣ ልብሶቹ በገመድ ታስረዋል። እሱ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሟል፤ እጁ ላይ ረጅም ቅጽ አለ።

«አባባ፣ ችካሉ ነገ ይነቀላል።»

«ሰምቻለሁ፤ የላይ ወሬ ይወርዳል። ይኸው፣ ርክክብ ነው። አንድም አልጎደለም። አንብቢና ፈርሚ።»

እቃዬን አየሁ። እሱን አየሁ። ድስቴን ወደ ላይ ሰዶ እሱ ሊቀር እንደሆነ ገባኝ፤ ቢያንስ የገባኝ መሰለኝ። ደሜ ፈላ።

«አልፈርምም!»

«መጀመሪያ ፈርሚ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

«ከኔ ይልቅ ሾላ ይሻልሃል ማለት ነው?»

«የውብዳር፣ ካልተፈረመ ሠራተኛ ከግምጃ ቤቱ አይወጣም።»

አልሰማሁትም። ሰው ሲቆጣ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው። ቅጹን ከእጁ ነጥቄ ኪሴ ውስጥ ጨመርኩና እያለቀስኩ ወጣሁ። ካልፈረምኩ መሄድ አይችልም፣ ተከትሎኝ ይመጣል ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ላቦራቶሪ ገብቼ ጠጠር ስነፋ ቆየሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ላቀው በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ውጡ ብላቸው፣ ፈርማለች ወይ ይሉኛል» አለ። «አልፈረመችም ስላቸው፣ እንግዲያው ሥራ ላይ ነኝ ይላሉ። ሰዎቹ ደግሞ ከነበጎቻቸው ተነስተው ቆመዋል። ምን ላድርግ?»

«ራሱ መርጧል» አልኩት፤ ወንፊቱን አላስቀመጥኩም። «ንቀለው።»

የኔ ድርሻ ይህ ነው።

ላቀው ነቀለው። አልጋውን ሳነሳ የካምፕ ሰባት ቀይ አፈር ነበር። እቃችን በሙሉ አፈሩ ላይ ተደርድሯል፣ ድስቶቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ፣ ልብሶቹ በገመድ። አባቴ የለም። አፈሩን በእጄ ዳሰስኩት፤ አዲስ አፈር ነው፣ ናሙናውን ባለፈው ሳምንት ራሴ መርምሬዋለሁ። ውጭ የጎርጣ ሰዎች በጎቻቸውን እየነዱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቤታቸው ነበር። አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ እግዜር ይስጥልን አለችኝ።

ማታ ራቴን ሳልበላ ቅጹን ከኪሴ አወጣሁ። አባቴ የእጅ ጽሑፉ ቀጥ ያለ ነው። ድስት፣ አራት። ጭልፋ፣ ሁለት። ብርድ ልብስ፣ ሦስት። እንዲህ እያለ አርባ አምስት ተራ ይወርዳል። አርባ ስድስተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ አባት፣ ያገለገለ፣ አንድ። ወደ ላይ ተመላሽ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ነው። ብዙ አለቀስኩ። ላቀው አጠገቤ ተቀመጠ፤ ቀያሽ ያልለካውን አይናገርም። ሊነጋ ሲል ቅጹ ግርጌ ላይ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ጠዋት ላቀው የመንገዱን ጫፍ ሊለካ ሌቭሉን፣ ባለመነጽር የከፍታ መለኪያውን፣ ተከለ። የሱ ሌቭል የድሮ ነው፤ በመነጽሩ ሲያዩ ሰማዩ ከታች፣ ምድሩ ከላይ ነው። ቀያሾች ለምደውታል። ዓይኑን እንዳስጠጋ ቆየ። ቁጥር አልጠራም።

«የውብዳር፣ ነይ እዪ» አለ።

መነጽሩ የዞረው ማዶ ወዳለው ራቁት ኮረብታ ነው። በዓይኔ ሳየው ድንጋይ ብቻ ነው። ዓይኔን መነጽሩ ላይ ሳደርግ ከላይ በኩል ሾላ ተንጠልጥሏል፤ ከሾላው ሥር አባቴ ተገልብጦ ጋቢውን አጣፍቶ ወደኛ ይመጣል። እግሮቹ ከላይ አሸዋውን ይረግጣሉ፣ ራሱ ወደ ሰማዩ ተዘቅዝቋል፣ በአንድ እጁ ጫማውን ይዟል። ስለፈረምኩለት ከግምጃ ቤቱ ወጥቷል፤ እንደዚያ ሲቸኩል አይቼው አላውቅም። ምሳዬን ረስቼ እስኪመሽ አየሁት፤ በማግሥቱም፣ ከዚያም በማግሥቱ። አሁንም እየመጣ ነው። ፈገግ ብሏል፣ ፈጥኖ ይራመዳል፣ አሸዋው ከእግሩ ሥር ይቦናል፤ ጥላው ግን የዘጠኝ ሰዓት ጥላ ነው፣ አይረዝምም፤ እሱም አይቀርብም።