የጥቅምት ሁለቷ የእሳት እራት

ዶክተር ቸኮል ወረንጦ ይዞ ወደ መሳቢያዬ ሲመጣ ደሜ ፈላ። በነፍሳት ሙዚየማችን አለቃዬ ነው፤ ግን የደረቁ ነፍሳትን ክንፍ አዘረጋግ ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ አንተ እለዋለሁ።

"እትዬ ተናኘ፣ ወረቀቷን እንንቀላት" አለኝ።

ወረቀቷ መሳቢያዬ ውስጥ ካለችው ደረቅ የእሳት እራት ስር በመርፌ የተሰካችው ናት፤ የት፣ መቼ፣ ማን እንዳገኛት የጻፍኩባት። በኛ ሙያ የመጀመሪያ ወረቀት አይነቀልም። ስህተት ቢኖርበት እንኳ ሌላ ከስሩ ይጨመራል።

ባሌ ተራራ ላይ፣ አራት ሺህ ሜትር ከፍታ፣ ድንጋይ ገልብጬ ያገኘኋት እኔ ነኝ። እነቸኮል መብራት ሰቅለው የሚበር ሲጠብቁ ነበር፤ እሷ ደግሞ ክንፈ አጭር ናት፣ አትበርም። ሆዷ ላይ ካለው ቀይና ጥቁር ቀለበት ወገኗ ነብር ከሚባሉት የእሳት እራቶች መሆኑን ለየሁ። ዝርያዋን ግን አንድም መጽሐፍ ላይ አጣሁት። ያለችንም እሷው ብቻ ናት።

አዲስ ዝርያ ናት ብለን የላክንላቸው ውጭ አገር ያሉት የዝርያ መርማሪ ፎቶዋን አይተው፣ "ወረቀቱ ፌብሩዋሪ 2015 ይላል፤ እናንተ ተራራው ላይ የወጣችሁት በ2022 ነው። በማይታመን መረጃ አዲስ ዝርያ አልመዘግብም" ብለው ጻፉ። እኔ 2/2/2015 ያልኩት በራሳችን አቆጣጠር ነዋ! ጥቅምት ሁለት!

"በፈረንጅ ቀን አዲስ ወረቀት እንጽፍና ያገኘው ቸኮል እንበል። እኔን ያውቁኛል" አለ።

"በቁሜ ልትቀብረኝ ነው?"

"ለሷ ብዬ እኮ ነው። ዝርያዋ እንዲጸድቅ አይፈልጉም?"

"እፈልጋለሁ። በውሸት ግን ክርስትና አትነሳም!"

መሳቢያውን ቆልፌ ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩ። "ወንድ ከሆንክ ውሰድ!" አልኩት። ከመካኒሳ አቦ ታክሲ ተጋፍቼ ጀሞ ቤቴ ገባሁና ለመርማሪው ራሴ ጻፍኩ። እንግሊዝኛዬ ስብርብር ያለ ነው፣ ይሁን። "ያገኘኋት እኔ ተናኘ ደምሰው ነኝ። ቀኑ በናንተ ኦክቶበር 12፣ 2022 ነው። እኛ የራሳችን አቆጣጠር አለን፤ ሳይጠይቁ ውሸታም አይበሉን" አልኳቸው። ስልክ ይዤ እንቅልፍ አጣሁ። በኔ እልህ ብትቀርስ?

ሐሙስ መልሱ ቢሮ መጣ። ቸኮል ድምፁ ቀዝቅዞ አነበበው፤ "ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር። አዲስ ዝርያ ናት። ሁለተኛ ወረቀት ከስር ይጨመር።"

እልል ማለት አማረኝ፤ ዋጥኩት። ትንሽ ወረቀት ቆርጬ ብዕሩን ለሱ ሰጠሁት።

"የፈረንጁን ቀን ጻፍ። ቀጥለህ ያገኘችው ተናኘ ደምሰው በል።"

"እርስዎ ይጻፉት እንጂ..."

"በራስህ እጅ!"

ስሜን እስኪጨርስ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩት።