የማክሰኞው ልኬት

ማክሰኞ ባሏን የቀበረች ሴት በሳምንቱ ሰኞ ሥራ ስትገባ ሰው ሁሉ ተገረመ። እሷ ግን ቤት መዋሉ አልሆነላትም። ሥራዋ የከተማውን ስድስት የውሃ ማጠራቀሚያዎች የክሎሪን መጠን ከለኪው መዝገብ እያወጣች ሪፖርት ማዘጋጀት ነው።

ጠረጴዛዋ ላይ ከጤና ጣቢያ የመጣ ደብዳቤ ጠበቃት። ከአራተኛው ማጠራቀሚያ በሚጠጣው ሰፈር ከሐሙስ ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ሕፃናት በተቅማጥ ታመዋል። ውሃው በዚያ ሳምንት ደህና ከነበረ ፊታችንን ሕፃናቱ ወደሚጠጡት ወተት እናዞራለን፤ መልሱን ከቀትር በፊት አሳውቁን፣ ይላል።

መዝገቡን አራተኛው ማጠራቀሚያ ላይ ገለጠች። ሰኞ ዜሮ ነጥብ አምስት። ማክሰኞ ዜሮ ነጥብ አምስት። ረቡዕም እንደዚያው። ጣቷ ማክሰኞ ላይ ቆመ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይላል፣ ከነፊርማው። በዚያ ሰዓት ለኪው የአስከሬኑን ሣጥን አንድ ጫፍ ተሸክሞ ነበር፤ እስኪመሽም ከቤቷ አልወጣም።

አስጠራችው።

«ማክሰኞን መቼ ለካኸው?»

«ይሙቱ እትዬ…» ብሎ ጀምሮ ቃሉን ዋጠው። ኮፍያውን አወለቀ። «ሰኞም ረቡዕም አምስት ከሆነ መሃሉ ምን ሊሆን ነው ብዬ ሞላሁት። ባለፈው አንዷን ባዶ ብተዋት አለቃችን ‹መዝገቡ ጥርሱ ወለቀ እንዴ?› ብሎ ሰው መሃል መሳቂያ አላደረገኝም?»

«ክሎሪኑ አልቆ ቢሆንስ?»

«በምን አውቄ? እርስዎ ጋ ነበርኩ እኮ።»

ቀና ብላ አየችው። ሦስት ልጆች አሉት። መቃብሩ አፋፍ ላይ ደግፎ ያቆማትም እሱ ነው።

አለቃው በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። «አንቺ ደግሞ፣ ገና ከመግባትሽ! ያለውን ገልብጪና ላኪላቸው። ለአንድ ቀን ብለሽ መሥሪያ ቤቱን ጉድ ልትሠሪው ነው?»

«የሚገለበጥ የለም እኮ ጌታዬ። አልተለካም።»

ስልኩን አንስታ ጤና ጣቢያ ደወለች። «የማክሰኞውን አናውቀውም። መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ከግምት የተጻፈ ነው። ውሃውን ሳትመረምሩ አትለፉት።»

አለቃው እያጉረመረመ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ለኪው የመለኪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብለው ይጻፉ፤ አልክድም። አራተኛውን አሁኑኑ አየዋለሁ» አለና ወጣ።

የመዝገብ ማረሚያ ቅጹን ሳበች። ለኪው ያልለካበት ምክንያት በሚለው ላይ «ቀብር ሄዶ ነበር፤ ቁጥሩን በግምት ሞልቷል» ብላ ጻፈች። ቀጣዩ መስመር ተተኪው ያልለካበትን ምክንያት ይጠይቃል። ለኪው ሲቀር እንድትለካ የተመደበችው እሷ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያጽናናት ራሷን ከመነቅነቅ በቀር ባሌን ቀበርኩ የሚል ቃል ካፏ አላወጣችም።

«ባሏን ስትቀብር ነበር» ብላ ጻፈች። ፈረመችበትና ቅጹን ይዛ ወደ አለቃው ቢሮ ሄደች።