ጥላ የተነሳበት ኩሬ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔን ኡሙሃኒን የወጋኝ አራጌ ነው፤ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር።

ባሌ በድረዲን ከሮቢት ከተማ በታች ያለውን የማኅበሩን የዓሣ ኩሬ ይጠብቅ ነበር። ክረምት ሲገባ የተራራውን ጎርፍ ጠልፎ ይሞላዋል፤ አምባዛ የምንላቸው ዓሣዎች እንቁላል የሚጥሉበትን ዳር ደግሞ በሣር ዳስ ያለብሰዋል። የአብዮት በዓል ሲቃረብ አራጌ መጣና ዳሱ ይነሳ፣ ድፍርሱ ወጥቶ የምንጭ ውሃ ይግባበት አለ። ከአውራጃ እንግዶች ስለሚመጡ ዓሣው ቁልጭ ብሎ እንዲታይለት ነው። የራያ ሰው በድፍርስ ውሃ ሲያፍር ያን ጊዜ አየሁ፤ እህላችን የሚበቅለው በዚሁ በጎርፍ ድፍርስ አይደለም እንዴ።

እንዳለው ተደረገ፤ ጫጩቶቹ ጀርባቸው ቆልመም ብሎ ተፈለፈሉ። አራጌ በእንግዶቹ ፊት፣ «አሻጥር ነው፤ ጠባቂው መርዝ ጨምሮበታል» አለ። ዳሱን ማን እንዳስነሳው አገር ያውቃል። ግን ማንም ትንፍሽ አላለም፤ በድረዲንን አስረው ወሰዱት።

ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለጠፋ ኩሬው ለእኔ ተሰጠ። አንድ የገበያ ቀን ቆቦ ወጥቼ፣ ሳይንስ የሚያስተምረውን መምህር ጓንጉልን ውሃው መርዝ ኖሮበት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«መርዙ የመጣው ከላይ ነው እትዬ» አለኝ። «ፀሐይ ዓይን የማያየው ጨረር አላት፤ አልትራቫዮሌት ይሉታል። እንቁላሉ ውስጥ ደግሞ ከእናት ካባቱ የወረሰው ትእዛዝ አለ፤ ጂን የሚባለው። አሁን ጀርባውን ሥራ፣ አሁን ዓይኑን ሥራ እያለ በየተራው ይናገራል። ጨረሩ ሲገባበት ተራው ይፋለሳል። መናገር ያለበት ዝም ይላል፤ ዝም ማለት ያለበት ይናገራል። ጥላና ድፍርስ ውሃ ግን ጨረሩን ይከልሉታል።»

«መናገር ያለበት ዝም ሲልስ እኔም አይቻለሁ» አልኩት።

በዓሉ እንደገና ደረሰ። በማኅበሩ ስብሰባ መሃል ተነሳሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዘንድሮም ዳሱ ይነሳ ነው የሚሉት?»

«ይነሳ ብያለሁ።»

«ውሃውም የምንጭ?»

«የምንጭ። ምን ታደርቂናለሽ?»

«ሰው ሁሉ ይስማልኝ ብዬ ነው።»

«ይስማ። ደግሞ እንደ ባልሽ መርዝ እንዳትጨምሪ» አለ፤ ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ቂሜን ቋጥሬ ተቀመጥኩ።

ዳሱን እንዳዘዘኝ አነሳሁ፤ ውሃውንም ቀየርኩ። አምባዛዎቹ እንቁላል ሲጥሉ ግን አንዲቱ አምባዛ ከጣለችው እንቁላል ግማሹን ከነሣሩ አንስቼ፣ ከዚያው ከኩሬው ውሃ በሞላሁት ገንዳ አድርጌ ግራር ሥር አኖርኩት። የቀረውን ለአራጌ ፀሐይ ተውኩለት። ለዓሣዎቹ አዝኛለሁ። ለእሱ ግን ቅንጣት አላዘንኩም።

እንግዶቹ መጡ። አራጌ ፊት ፊት እየሄደ ወደ ኩሬው ወሰዳቸው። ጫጩቶቹ እንደ ማጭድ ጎብጠው አንድ ቦታ ይሽከረከራሉ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ወደ እኔ ጠቆመ። «ይህችም እንደ ባሏ አሻጥረኛ ናት!»

ገንዳውን ጎትቼ ከእግራቸው ሥር አቆምኩት። ውስጡ ያሉት ቀጥ ብለው ይወረወራሉ።

«እናታቸው አንድ፣ ውሃቸው አንድ» አልኩ። «እነዚህ ጥላ አላቸው፣ እነዚያ ግን ጥላቸው ተነሳባቸው። መርዝ ካለበትም ይኸው።» ከኩሬው በእፍኜ ቀድቼ ጠጣሁ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞርኩ። «ዳሱን ማን አስነሳው?»

እንደ አምናው ዝም አሉ። በኋላ እማማ አስካለ በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። «አንተ ነህ አራጌ። ይስማ አላልክም? ሰምተናል። አምናም አንተው ነህ።» ከእሳቸው ወዲያ ሁሉም አፍ አወጣ። አራጌን እንግዶቹ በመጡበት መኪና ጫኑት፤ አቧራው እስኪውጠው ድረስ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ቆምኩ። ደስ አለኝ፣ ወላሂ።

በድረዲን የተፈታው ማሽላ ሲታጨድ ነው። ሮቢት ከአውቶቡስ ሲወርድ አላወቅኩትም። ያ ቁመናው የሚያኮራ ሰው ወገቡ ተሰብሮ፣ መሬት መሬት እያየ ይራመዳል።

«ጫጩቶቹስ?» አለኝ።

«ቀጥ ብለው ይዋኛሉ» አልኩት።

ከእሱ ግን ጥላ ሥር ያኖርኩት ግማሽ የለኝም። አራጌ ያለው በድረዲን በወጣበት እስር ቤት ነው አሉ። ሰግጄ ሳበቃ አላህን አንድ ነገር ብቻ እለምነዋለሁ፤ አራጌ ቀጥ ብሎ እንዳይወጣ።